ስለ አንድ ዘፈንና ሁለት ጊዜ ስለ ተነገረ ፍርድ

አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለማንም ሰው ምክር ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው በሰው ሥራ ላይ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠውን ነው። ተራ ሰው የተናገረውን ቢመልስ ወይ ይሳቅበታል ወይ ይቅር ይባላል። ዳኛ የተናገረውን ሲመልስ ግን፥ መመለሱ ትክክል እንኳ ቢሆን፥ በዚያ ፍርድ ያሸነፈውም የተሸነፈውም አብረው ይጎዳሉ። ይህን አሳብ ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ አመጣለሁ። ምሳሌው ስለ ዘፈን ስለ ሆነ አንዳንድ ጓደኞቼ «ተማሪ ከዘፈን ሌላ የሚጽፍበት ጉዳይ አጣ ወይ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ ብቻ እለምናቸዋለሁ። በማኅበራችን የግጥምና የዜማ ውድድር በተደረገ ማግስት በምግብ አዳራሽ የሚነሣውን ክርክር የሚያውቅ ሁሉ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳልሆነ ይረዳልኛልና።

የአውሮጳ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1956 ዩሮቪዥን የሚባል የዘፈን ውድድር ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ዓመት መድረክ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደለት ብቻውን የሚዘፍን ሰው ነበር። በ1957 ግን ሁለት ሆኖ መዝፈን ተፈቀደ፤ ዴንማርክም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ቢርተ ቪልከና ጉስታቭ ቪንክለር የሚባሉ ሁለት ዘፋኞች ልካ ሦስተኛ ወጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በማርች 23 ቀን 1963፥ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ እንደ ገና ሁለት ሰዎች ላከች። እነዚህ ግሬተ ኢንግማንና ባልዋ ዮርገን ኢንግማን ነበሩ። የዘፈኑ ስም «ዳንሰቪሰ» ሲሆን ትርጕሙ የጭፈራ ዘፈን እንደ ማለት ነው። ዜማውን የደረሰው ኦቶ ፍራንከር፥ ግጥሙን የጻፈው ሴየር ቮልመር ሶረንሰን ነው። እሷ ትዘፍናለች፥ እሱ ጊታር ይመታል። ዮርገን ከዚያ በፊትም ቢሆን ያልታወቀ ሰው አልነበረም፤ በ1961 «አፓቼ» የተባለውን ዜማ በጊታር ተጫውቶ ያሳተመው ሸክላ በአሜሪካን አገር በሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር።

ውድድሩ የተደረገው ለንደን ከተማ በቢ.ቢ.ሲ. የቴሌቪዥን ማእከል ነው። አሥራ ስድስት አገሮች ተወዳደሩ። የዳኝነቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። በየአገሩ ሃያ ሃያ ዳኞች ተቀምጠው ዘፈኖቹን በቴሌቪዥን ያያሉ። እያንዳንዱ ዳኛ አምስት ዘፈኖች መርጦ ከአምስት እስከ አንድ ነጥብ ይሰጣል። የሃያው ዳኛ ነጥብ ይደመርና ብዙ ያገኘው ዘፈን አምስት፥ ተከታዩ አራት፥ እንዲህ እያለ እስከ አንድ ድረስ የአገሩ ድምፅ ይሆናል። ለገዛ አገር ዘፈን ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ የዝግጅቱ መሪ ኬቲ ቦይል ከለንደን እየጠራች የየአገሩን ቃል አቀባይ ትጠይቃለች፤ እሱም ውጤቱን ሕዝብ ሁሉ እየሰማ ይናገራል።

ኖርዌይ ከተጠሩት ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ቃል አቀባዩ ለስዊስ ሦስት፥ ለዴንማርክ ሁለት ነጥብ ብሎ ተናገረ። ነገር ግን አነጋገሩ የታዘዘውን ሥርዓት የተከተለ ስላልነበረ መሪዋ እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ እሱም በመጨረሻ ተመልሳ እንድትጠራው ለመናት። ሌሎቹ አገሮች ሁሉ ድምፃቸውን ከሰጡ በኋላ ውድድሩ በሁለት ዘፈኖች መካከል ሆነ፤ አንደኛው የዴንማርክ፥ ሁለተኛው ኤስተር ኦፋሪም የተባለችው የእስራኤል ተወላጅ ለስዊስ የዘፈነችው ነበር። በዚህ ጊዜ ኖርዌይ እንደ ገና ተጠራች። አሁን የተነገረው ቁጥር ሌላ ነው፤ ለዴንማርክ አራት፥ ለስዊስ አንድ። በመጨረሻም ዴንማርክ 42፥ ስዊስ 40 ነጥብ አግኝተው ዋንጫው ወደ ኮፐንሃገን ሄደ።

አንባቢው ራሱ ይደምር። የመጀመሪያው የኖርዌይ ቃል ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ተገልብጦ ስዊስ 42፥ ዴንማርክ 40 ይሆን ነበር። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለውም ልዩነት የአሸናፊነትና የተሸናፊነት ልዩነት ሆነ።

ወዲያው ምን እንደ ተባለ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኖርዌይና ዴንማርክ ጎረቤት ናቸው፤ ቋንቋቸውም የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ካመዱ» እንደሚባለው፥ ኖርዌይ የሌሎቹን ነጥብ ሰምታ፥ ጎረቤቷ እንደ ጎደላት አይታ፥ የጎደለውን ሞላች ተባለ። ይህ ሐሜት ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬም «ዳንሰቪሰ» በተነሣ ቁጥር የዘፈኑ ነገር ሳይወራ አስቀድሞ የኖርዌይ ነገር ይወራል።

እኔ ግን ሐሜቱን አላምንም፤ ምክንያቴንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፥ በዚያ ሌሊት አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያገኙ የቀሩ አራት አገሮች ነበሩ። እነዚህም ኔዘርላንድ፥ ኖርዌይ፥ ፊንላንድና ስዊድን ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ የሰሜን ጎረቤታሞች መሆናቸውን ልብ በሉ። ዳኞቹ በዝምድና የሚፈርዱ ቢሆኑ ኖሮ ዴንማርክ ለኖርዌይ፥ ስዊድን ለፊንላንድ፥ ፊንላንድም ለስዊድን አንዳንድ ነጥብ ባልነፈጓቸው ነበር። ማንም ለማንም አልሰጠም። እንኳንስ ሌላው ቀርቶ ሞኒካ ሴተርሉንድን የመሰለች ስመ ጥር የስዊድን ዘፋኝ ከጎረቤቶቿ ባዶ እጅዋን ተመልሳለች። በሁለተኛ ደረጃ፥ ዴንማርክ ካገኘችው 42 ነጥብ ውስጥ 38ቱ ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው። ኖርዌይ በስጦታ ንግሥት አላደረገቻትም፤ ዴንማርክ አስቀድማ ከዙፋኑ ደረጃ ላይ ደርሳ ነበር። በሦስተኛ ደረጃ፥ በዚያው ሌሊት የታረመው የኖርዌይ ብቻ አይደለም፤ የሞናኮም ድምፅ ስሕተት ተገኝቶበት ተስተካክሎአል። ኋላ የተሰጠው ማብራሪያም ቀላል ነው፤ ኖርዌይ መጀመሪያ በተጠራች ጊዜ የዳኞቿ ነጥብ ተደምሮ አላለቀም ነበር። ቃል አቀባዩ በእጁ የነበረውን ያልተጣራ ቁጥር አነበበ፤ ኋላ የተጣራውን አነበበ።

እንግዲህ ፍርዱ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ጥፋቱ መታረሙ ላይ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች «የመጀመሪያው ቃል መጽናት ነበረበት» ይላሉ፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውንም ተረት ይጠቅሳሉ። ይህ ተረት ለሰው የገባውን ቃል ለሚያጥፍ የተነገረ እንጂ የተሳሳተ ሒሳብ እንዲጸና የተነገረ አይደለም። ሃያ ዳኞች ያልሰጡትን ነጥብ፥ አንድ ሰው ስለ ቸኮለ ብቻ፥ እንደ ሰጡት መቍጠር በዳኞቹም በዘፋኞቹም ላይ ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ማረሙ ተገቢ ነበር። ጥፋቱ ከመታረሙ በፊት ያለው ነው፤ ይኸውም ሳይቈጥሩ መናገር። አንደበት ከሒሳቡ ቀደመ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሰው እውነትን ቢናገርም የሚያምነው አላገኘም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ቃል የተሰማው የሌሎቹ ነጥብ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። እውነት በተሳሳተ ሰዓት ስትመጣ ሐሰት ትመስላለች።

ጉዳቱንም እንመልከት። ኤስተር ኦፋሪም ተሸንፋ ሄደች፤ ሆኖም የብዙ ሰው ኀዘኔታ ተከተላት። በ1968 ከባልዋ ከአቢ ጋር፥ እነሱም ባልና ሚስት ሆነው የሚዘፍኑ ነበሩ፥ ያሳተሙት «ሲንደረላ ሮክፌላ» የተባለ ዘፈን በእንግሊዝ አገር አንደኛ ደረጃ ወጣ። ስዊስም በ1988 በሴሊን ዲዮን አማካይነት አሸነፈች፤ የሚያስገርመው ያሸነፈችው በአንዲት ነጥብ ብልጫ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተነገረው ሁሉ አንድ ጊዜ ስለ ተነገረ እንደ ኖርዌይ ያለ ሐሜት አልተነሣም። የበለጠ የተጎዱት ያሸነፉት ናቸው። ኢንግማኖች ማንንም አላታለሉም፤ የሠሩት ሥራ ቢኖር ጥሩ አድርገው መዝፈንና ጥሩ አድርገው መጫወት ነው። ነገር ግን ሁለቱም አርፈው እንኳ፥ ግሬተ በ1990፥ ዮርገን በ2015፥ ድላቸው ያለ «ነገር ግን» አይጠራም። የተሸነፈ ሰው ሌላ ዘፈን ዘፍኖ ሊካስ ይችላል። ያሸነፈና የተጠረጠረ ሰው ግን በምን ይካሳል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ንጋቱ ስድሳ ዓመት እንዲፈጅ ማድረግ የዳኛ ሥራ አይደለም።

የውድድሩ አዘጋጆች ከዚህ ተምረዋል ወይ? በአንድ ጊዜ አልተማሩም። በ1969 ማድሪድ ላይ እስጳንያ፥ እንግሊዝ፥ ኔዘርላንድና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው 18 ነጥብ አግኝተው እኩል ወጡ። እኩል የወጡ እንደ ሆነ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ አራቱም አሸናፊ ተባሉ። አራት ሰው አንደኛ በሆነበት ቦታ አንደኛ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ብዙ አገሮች ሳይመጡ ቀሩ። ከ1971 እስከ 1973 ደግሞ ከየአገሩ ሁለት ሁለት ዳኞች ተመርጠው በቴሌቪዥን ፊት ለፊት እየታዩ ነጥባቸውን እንዲያሳዩ ተደረገ፤ አንዱ ከሃያ አምስት ዓመት በታች፥ ሁለተኛው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነ። ይህን የዕድሜ አከፋፈል መምህራኖቻችን ልብ እንዲሉልን አደራ እላለሁ።

አሁን ደግሞ ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፤ ይኸውም የቋንቋ ነገር ነው። «ዳንሰቪሰ» የተዘፈነው በዴንማርክ ቋንቋ ነው። ያን ጊዜ የዴንማርክ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። የጣልያንና የእንግሊዝ ዳኞች ቃሉን አልሰሙትም፤ ዘፈኑን ግን ሰሙት። በ1966 እያንዳንዱ አገር በራሱ ቋንቋ እንዲዘፍን የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ1973 ተነሣ፤ በ1977 ተመለሰ፤ በ1999 ጨርሶ ተሻረ። ደንቡ በተሻረ በማግስቱ፥ በ2000፥ ዴንማርክ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈች። ያሸነፉትም አሁንም ሁለት ሰዎች፥ የኦልሰን ወንድማማቾች፥ ነበሩ። ዘፈናቸው በአገራቸው ውድድር ላይ በዴንማርክ ቋንቋ ተዘፍኖ ነበር፤ ስቶክሆልም ሲደርስ ግን ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ። 195 ነጥብ አገኙ፤ ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያ 155።

ከዚህ ተነሥቶ «ሰው እንዲሰማህ ከፈለግህ ቋንቋህን ተው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚሉ ጓደኞች በመካከላችንም አሉ፤ በየውድድሩ ላይ ግማሹን ግጥም በእንግሊዝኛ ካልሞሉት ዘመናዊ የሆነ የማይመስላቸው ናቸው። እኔ የኦልሰንን ወንድማማቾች አልወቅስም፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ፥ ከጎረምሶች መካከል ገብተው ማሸነፋቸው ያስደስተኛል። ነገር ግን ፖርቱጋል በ2017፥ ጣልያንም በ2021፥ በገዛ ቋንቋቸው ዘፍነው አሸንፈዋል። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 ብራስልስ ላይ ታትሞ ሲወጣ፥ አማርኛ የማያውቀው የአውሮጳ አድማጭ የሰማው በአማርኛ ነው፤ ማንም ይተርጐምልኝ አላለም።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ የሚከተለው ነው። በ2020 እስራኤልን ወክላ ወደዚሁ ወደ ዩሮቪዥን እንድትሄድ የተመረጠችው ኤደን አለነ የተባለች፥ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ፥ ኢየሩሳሌም የተወለደች ልጅ ነበረች። የተመረጠላትም ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ ውስጡ አማርኛ፥ ዕብራይስጥ፥ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነበረበት። በዚያ ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። በ2021 እንደ ገና ተመርጣ ሮተርዳም ላይ ዘፈነች፤ ዘፈኑ ግን ሌላ ነበር፥ በዋናውም በእንግሊዝኛ። የመጨረሻው ሌሊት ላይ ደርሳ አሥራ ሰባተኛ ወጣች። አማርኛው ቢዘፈን ኖሮ የተሻለ ደረጃ ታገኝ ነበር አልልም፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የምለው ይህ ብቻ ነው፤ ቋንቋችን ለዚያ መድረክ አይበቃም የሚል ሰው ካለ፥ ቋንቋው ከመድረኩ በር ደርሶ እንደ ነበርና የመለሰውም በሽታ እንጂ ዳኛ እንዳልነበረ ይወቅ።

«የአገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚል ይኖራል፤ የኦሮምኛ፥ የትግርኛ፥ የሲዳምኛ ወይም የጉራጊኛ ዘፈን በማኅበራችን መድረክ ላይ ቢቀርብ ቋንቋውን የማያውቅ ዳኛ እንዴት ይፈርዳል? ሲባል ሰምቻለሁ። መልሱ ከላይ ተሰጥቶአል። የለንደኑ መድረክ ላይ የሮማ ዳኛ የኮፐንሃገንን ዘፈን ፈርዶአል። እኛ በአንድ ግቢ የምንኖር፥ በአንድ ገበታ የምንበላ፥ ከጎናችን ተቀምጦ የሚተረጕምልን ጓደኛ የማናጣ ሰዎች ይህ ሊያቅተን አይገባም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚዎችና ዳኛ ሆነው ለሚረዱን መምህራን በትሕትና የማቀርበው አሳብ አምስት ነው።

አንደኛ፥ እያንዳንዱ ዳኛ ነጥቡን በወረቀት ጽፎ ይፈርም፤ የማናቸውም ዳኛ ነጥብ ከመነበቡ በፊት የሁሉም ወረቀት ይሰብሰብ። የሌላውን ነጥብ ሰምቶ የራሱን የሚሰጥ ዳኛ፥ ንጹሕ ሰው ቢሆንም፥ ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት አይችልም። ሁለተኛ፥ ድምሩን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ይደምሩ፤ የሁለቱ ድምር ካልተስማማ መድረክ ላይ ማንም አይውጣ። ሕዝቡ አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ያጕረመርማል እንጂ አይሞትም። ሦስተኛ፥ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ቢወጡ ምን እንደሚደረግ ከውድድሩ በፊት ተጽፎ ይለጠፍ። አራተኛ፥ በማግስቱ የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። «ዳኞች ይፈራሉ» የሚል ካለ፥ ስሙን ለመጻፍ የሚፈራ ሰው ዳኝነቱን ለሌላ ይተው። አምስተኛ፥ ማንም ተማሪ በፈለገው ያገራችን ቋንቋ ይወዳደር፤ የግጥሙንም አሳብ በአንድ ገጽ ጽፎ አስቀድሞ ለዳኞች ይስጥ።

እነዚህ አምስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥቂት ወረቀት፥ ሁለት ደማሪዎችና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

«ለዘፈን ይህን ያህል!» የሚለኝ ጓደኛ እንዳለ መጀመሪያ ተናግሬአለሁ፤ አሁን ልመልስለት። ከእኛ መካከል ነገ ፍርድ ቤት የሚቀመጥ አለ፤ የፈተና ወረቀት የሚያርም አለ፤ የድምፅ መስጫ ሣጥን ከፍቶ የሚቈጥር አለ። ከዳንኪራ ጋር የመጣ ነጥብ በጥንቃቄ መቍጠርን ያልተማረ ሰው፥ ከሰው ዕድል ጋር የመጣውን በጥንቃቄ ይቈጥራል ብሎ መጠበቅ ከየት የመጣ ተስፋ ነው? አንድ ዘፈን የሚጠፋው በአንድ ሌሊት ነው፤ ልማድ ግን አብሮን ከዚህ ግቢ ይወጣል።

የዘንድሮው ውድድር ገና አልተደረገም። ደንቡን ለመጻፍ ጊዜ አለን፤ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ የሚጻፍ ደንብ ብቻ ነውና ማንንም የማያስቀይም፥ አሁኑኑ እንጻፈው።